በክቡ ውስጥ ያልገባ ስም

ጁላይ 12 ቀን 1737
ከወንዝ ዳሩ አዲስ ሰፈር

ለውድ አክስቴ ለግሪዜል፤

ይህች ደብዳቤ ባሕሩን በሰላም ተሻግራ እጅዎ ትግባ። እንደ እናት ያሳደጉኝን እርስዎን አምላክ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ዓይንዎን ያብራልኝ፣ የፋይፍን ብርድ ያቅልልዎ። እኔና ልጄ ኢሶቤል ደህና ነን። ደህና ስል ደህና ማለቴ ነው፤ «ይሄ ልጅ ምን ደብቆኝ ነው?» እያሉ ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን መምህር ላውሪን በጥያቄ እንዳያደርቁት።

ቤቱ አለቀ። የሰው በርና መስኮት ስገጥም ስለምውል የራሴ በር እስካሁን በገመድ ነው የሚታሰረው። መሬቱ ግማሹ አሸዋ፣ ግማሹ የጥድ ሥር ነው። ከመሳፈራችን በፊት ለንደን ላይ ያነበቡልን ወረቀት ግን ወይን እንደሚንዠረገግ፣ የሐር ትልም በየጓሯችን ሐር እንደሚተፋ ይናገር ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ኢሶቤል ግን ከረግረጉ ጥቁር ጭቃ በቅርጫት እያመጣች ከአሸዋው ጋር አደባልቃ በቆሎ አብቅላበታለች። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መሬቱን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሷ ናት፤ እኔ ሎሌ ነኝ።

አሁን የልቤን ልንገርዎ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ፓትሪክ ባለፈው ወር በንዳድ ሞተ። ሐሙስ ቀበርነው። ሰኞ የመጋዘኑ ሹም ወረቀት ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ አነበበ። የመጋዘኑ ሹም ማለት እህል የሚሰፍርልን እሱ፣ የሚዳኘን እሱ፣ የሚያስረንም እሱው ነው። ወረቀቱ፣ መሬት የሚወርሰው ወንድ ልጅ ብቻ ነው ይላል። ደቡብ በኩል ጠላት ስላለ በየቦታው ጠመንጃ የሚይዝ ወንድ ይኑር ብለው የለንደን ጌቶች ደንግገዋል። ፓትሪክ ደግሞ የወለደው ሁለት ሴቶች ነው። ሚስቱ ጃኔት «እነዚህን ዛፎች ማን ተከላቸው? ጠመንጃ ነው የተከላቸው?» አለችው። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለና ወረቀቱን አጠፈ። አሁን ቤቱ ውስጥ ከመርከብ የወረደ አንድ ወንደላጤ ይኖራል። ጃኔትና ልጆቿ የሰው ልብስ ያጥባሉ።

ስንመጣ ይህም ሕግ ተነቦልን ነበር። ያኔ ግን ማን ሞትን አሰበ? ሁላችንም ወይኑን ነበር የምንሰማው። ትናንት ኢሶቤል መደብ እየቆፈረች ቀና አለችና «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አለችኝ። ምስማር ጎደለኝ ብዬ ሄድኩ።

የአገራችንን ጎመን ዘር ቢልኩልን ደስ ይለናል።

ልጅዎ ጊልበርት


ዲሴምበር 3 ቀን 1737
ከመንደራችን፣ ፋይፍ

ለልጄ ለጊልበርት፤

የአባቶችህ አምላክ ከአውሬም፣ ከንዳድም፣ ከሹምም ይጠብቅህ። እንደምታውቀው ለእኛ ለሴቶቹ ማንበብ እንጂ መጻፍ አላስተማሩንም፤ ስለዚህ ዛሬም የሚጽፍልኝ መምህር ላውሪ ነው። ንግግሬን እያሳመረ እንዳያበላሸው ትከሻው ላይ ቆሜ እያነበብኩበት ነው። (አላሳመርኩም። ላውሪ።) ይኸው፣ ሳልጠይቀው ገባልህ!

ደህና ስል ደህና ማለቴ ነው ትላለህ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መስመርህ ወደ ታች እየወረደ ነው የሚሄደው። ልጅ ሳለህም ደረትህን ሲያምህ እንደዚያው ነበር የምትጽፈው። አሁን እውነቱን ጻፍልኝ።

ስለ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እዚያ እንዲህ መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አግባና ወንድ ውለድ። ማሪዮን የምትባል፣ ዓሣ አጥማጅ ባሏ የሞተባት ሴት አለችልህ። ጥርሷ ሙሉ ነው። ምላሷም ሙሉ ነው፤ ግን አንተ ጆሮህ ከእኔ ጋር ኖሮ ለምዷል። ባሕር እሻገራለሁ ብላለች። ይህ ካልጣመህ ደግሞ ለጌቶቹ ጻፉላቸው እንጂ! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ካልሆነም ልጅቱን ላክልኝ፤ የሄሪንጉን ዓሣ እየጠረግን አብረን እንኖራለን።

ዘንድሮ ሄሪንጉ ዘግይቶ መጣ። ልጄ ኒኒያን ከሞተ ሃያ ዓመት ሞላው። ብቻዬን ነው የማስበው፤ ለማንም አላወራም። የጎመኑ ዘር በካልሲው ውስጥ ነው፣ ካልሲው ደግሞ ያንተ ነው። ዘሩን አውጥተህ አድርገው፤ እንደማውቅህ ከነዘሩ ነው የምታጠልቀው።

አክስትህ ግሪዜል


ሜይ 20 ቀን 1738

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ። ካልሲውም ዘሩም ደረሰን። ኢሶቤል ዘሩን ስታየው እንደ ወርቅ ቆጠረችው። ማሪዮንን ያመስግኑልኝ፤ ምላሷን ግን ኢሶቤል ብቻዋን ትችልልኛለች፣ ሌላ አያሻኝም።

እንዳሉት ልንጽፍላቸው ነው። ልብስ ሰፊው ሂዩ ጋጣ ውስጥ እየተሰበሰብን ነው። እዚህ አረቄም የተከለከለ ስለሆነ ስብሰባው ሁሉ በደረቁ ነው፤ ሰው ቶሎ ይቆጣል። አቤቱታው ላይ ስም የሚጻፈው በተርታ አይደለም። መርከበኞች እንደሚያደርጉት እንደ ጋሪ ጎማ ዙሪያውን በክብ ነው። ክብ መጀመሪያ ስለሌለው ሹሙ ቀድሞ የሚያስረውን ሰው ያጣል። ይህን ስሰማ በሳቅ ሞትኩ።

ግን አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሴቶች ልጆች መሬት ይውረሱ የሚል ነው። ይህ የእኔ፣ የሂዩ፣ የድሆቹ ነው። ሁለተኛውን የጨመሩት ባለጸጋዎቹ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ በካሮላይና እንዳሉት ጥቁር ሰዎችን በባርነት ገዝተን እንድናሠራ ይፈቀድልን ይላል። እዚህ እስካሁን ክልክል ነው። ባለጸጋዎቹ ሁለተኛው ከወጣ አንፈርምም አሉ። እነሱ ካልፈረሙ ደግሞ ለንደን የሚያነበን የለም። ሂዩ «ጊልበርት፣ ስለ ልጅህ ፈርም፤ ሌላው ጋ ስትደርስ ዓይንህን ጨፍን» ይለኛል። እሱም ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት።

እኔ ከየት እንደመጣሁ እርስዎ ያውቃሉ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጨው ማፍያው ጌታ ንብረት ነበር። በክርስትናዬ ዕለት ጌታው፣ ወላጅ ከተቀበለው ልጁን ዕድሜ ልኩን የእሱ የሚያደርገውን የማሰሪያ ሽልንግ ይዞ ሲጠብቅ እርስዎ እኔን በሻል ጠቅልለው ወደ ሌላ ደብር ባይሮጡ ኖሮ፣ እንደ አባቴ እኔም የጌታው ሆኜ እቀር ነበር። ማዶ ሥራ ስሄድ ያየሁትም አንድ ሰው አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ወረቀቱ የሚጫነው በኖቬምበር መርከብ ነው። ቶሎ ከመለሱልኝ ይደርሳል። ምን ላድርግ?

ልጅዎ ጊልበርት


ኦገስት 30 ቀን 1738

ጊልበርት፤

ፈርም።

ልጅቱ እንደ ጃኔት ልጆች መንገድ ላይ እንድትቀር አልፈልግም። እናት የላትም። አንተ ደግሞ ደረትህን ደብቀኸኛል። ማዶ ስላለው ሰው አልሰማሁም፣ መስማትም አልፈልግም። የሰው ጣጣ የሰው ነው። እኔ ሳዝህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻዬም ይሁን። ፈርም።

ግሪዜል

(እትዬ ግሪዜል ይህን ካስጻፉኝ በኋላ ሻላቸውን ረስተው ወጡ። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ላውሪ።)


ዲሴምበር 10 ቀን 1738

ለማልጠግብዎ አክስቴ፤

ደብዳቤዎ መርከቡ ከመነሳቱ ስድስት ቀን ቀድሞ ደረሰኝ። ሳልታዘዝዎ ቀረሁ። ተቆጥተው ከሆነ ቁጣዎ ቶሎ ይብረድልኝ፤ ምርቃትዎን ግን አይንሱኝ።

ያንን ሰው አሁን ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት ማዶ አንድ የሩዝ ጎተራ ስሠራ ስድስት ቀን አብሬው ግንድ ሰነጠቅሁ። በትልቁ መጋዝ አንዱ ከላይ ቆሞ፣ አንዱ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይጎትታል። ከታች ላለው ሰጋቱራው ዓይኑ ላይ ይዘንብበታል። በሦስተኛው ቀን ቦታ እንለዋወጥ አልኩት፤ ባለቤቱ ከለከለ። ሥራውን ከእኔ አብልጦ ያውቀዋል፤ መጋዙ ሲጣመም ገና ሳላይ እሱ ከታች ሆኖ ያቃናዋል። ምሳ ላይ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ስሟን ነገርኩት። «እኔም ሴት ናት ያለችኝ» አለኝ። የት እንዳለች ስጠይቀው በጣቱ ወደ ሰሜን ጠቆመ። «በዚያ በኩል ነው የወሰዷት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም» አለ። ከዚያ ተነስተን መጋዛችንን ያዝን።

አክስቴ፣ እኔ የፈራሁት ልጄ መሬት እንዳታጣ ነው። እሱ ያጣው ልጅቱን ነው። የኢሶቤልን መሬት በሌላ ሰው ልጅ መግዛት አልቻልኩም። እንዲህ እንደሚሆን ሳውቅ ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር፤ እውነቱን ጻፍልኝ ብለውኛልና አልዋሽዎትም።

በስብሰባው ቀን ብዕሩ እኔ ዘንድ ሲደርስ «የመጀመሪያዋን ቁረጡና ስጡኝ፤ በደሜም ቢሆን እፈርማለሁ» አልኩ። ሂዩ «ወረቀት ጨርቅ አይደለም፣ አይቀደድም» ብሎ ብዕሩን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አይለኝም። የጃኔት ልጅ እንኳ ስታየኝ ትዞራለች። የመጋዘኑ ሹም ደግሞ የእሱ ወገን የሆንኩ መስሎት ሥጋ አብዝቶ ላከልኝ፤ መለስኩለት። አሁን በሁለቱም ወገን ጠላት ነኝ።

ቤት ገብቼ ለኢሶቤል ሁሉንም ነገርኳት። መሬቱን ላታገኚው ትችያለሽ አልኳት። ጎመኗን ከትፋ ጨረሰች። ከዚያ «እንግዲያው አትሙት» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።

የማይታዘዝዎ ልጅዎ ጊልበርት


ኖቬምበር 2 ቀን 1739

ለውድ አክስቴ፤

በሕይወት ካሉ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከተቆጡኝም እግዚአብሔር ያስታርቀን። አራት መርከብ መጣ፤ ከእርስዎ አንዲት ቃል የለም። መርከብ በመጣ ቁጥር ኢሶቤል ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ስትመለስ ከፊቷ እረዳለሁ። እባክዎ ስድብም ቢሆን ይላኩልኝ። ስድብዎ ናፍቆኛል።

የለንደን መልስ መጣ። አደባባይ ላይ ሲነበብ ሁላችንም ቆመን ሰማን። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው፣ ሁለት ምስክር ባሉበት በጽሑፍ ካስታወቀ፣ መሬቱን ለሴት ልጁ ማውረስ ይችላል። የባርነቱን ጥያቄ ግን አልፈቀዱም። ባለጸጋዎቹ እየተሳደቡ ተበተኑ። እኔ እዚያው የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ምስክር ከየት ላምጣ? ማን ያናግረኛል? በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ፤ ሂዩ ነው፣ ወንድሙን አስከትሎ። «ሳትዘራ አጨድክ፣ አንተ ግትር!» አለኝ። «ግባ» አልኩት። «ለአንተ ብዬ አልመጣሁም። ልጅቱ ምን አደረገች? ወረቀቱ የታለ?» አለ። ሁለቱም ፈረሙ። ኢሶቤል በቆሎ ቂጣ አቀረበችላቸው፤ ሂዩ በላና ገመዱን እያየ «የአናጺ በር ይሄ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ዓመት ሙሉ ያልሳቅነውን ሳቅን።

እውነቱን ጻፍልኝ ብለውኝ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳስል ደም አለው። ለኢሶቤል የሰጠኋትን ቃል የምጠብቅ አይመስለኝም። ከመሄዴ በፊት ድምፅዎን መስማት እፈልጋለሁ፤ በላውሪ እጅም ቢሆን።

ልጅዎ ጊልበርት


ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1740

ጊልበርት ልጄ፤

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ላውሪ አይደለም። እጄን እይ። እንደ ሸርጣን ይሄዳል።

አልተቆጣሁም። ስማር ነበር። አለመፈረምህን የነገርከኝ ደብዳቤ በደረሰኝ በሳምንቱ ላውሪን መጻፍ አስተምረኝ አልኩት። አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሕፃናቱ ሲወጡ እነሱ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም። ላውሪ ይስቃል። ለምን መማር እንደፈለግሁ አልነገርኩትም። ይህን ለእሱ አፍ አውጥቼ ማስጻፍ ስላልቻልኩ ነው።

አንተን በሻል ጠቅልዬ መሮጤ እውነት ነው። ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ አለ። አንተ ከመወለድህ አንድ ዓመት በፊት ኒኒያን ተጠመቀ። ጌታው ሽልንጉን ዘረጋ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አባቱ ፊቱን አዙሮ ነበር። ክረምቱ ክፉ ነበር፣ ጡቴም ደርቆ ነበር። በሽልንጉ አጃ ገዛሁ። ገንፎ ሠራሁ። ጣፈጠኝ። ያ ነው የማልረሳው፣ መጣፈጡን።

ኒኒያን ሁለት ጊዜ ሸሸ። ሁለት ጊዜ አምጥተው መለሱት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የፈላው ጨው ውስጥ ወደቀ። አደጋ ነው ብዬ ነግሬሃለሁ። አደጋ ነው። እዚያ ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ።

ፈርም ያልኩህ ለኢሶቤል ብዬ ብቻ አይደለም። ከእኔ የሚሻል ሰው እኔ ያደረግሁትን ቢያደርግ ይቀለኛል ብዬ ነው። አልታዘዝከኝም። ደብዳቤህን ሳነብ በኩራት አለቀስኩ፣ በሐፍረትም አለቀስኩ። የትኛው እንደሚበዛ አላውቅም።

የኖቬምበሩ ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ስለዚህ ቸኩያለሁ። ስለ ደሙ አንብቤያለሁ። ማር በሞቀ ውሃ ጠጣ። ደረትህን ሸፍን። ጠብቀኝ፣ ይህች ወረቀት እስክትደርስ ብቻ ጠብቀኝ። ከጠላኸኝም እውነት አለህ። ግን ጻፍልኝ።

አክስትህ
ግሪዜል
(ስሜን እኔው ጻፍኩት።)


ጁን 8 ቀን 1740

ለእማማ ግሪዜል፤

እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናልኝ። የምጽፈው ኢሶቤል ነኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ደብዳቤዎ አባቴ በሕይወት ሳለ ደርሶለታል።

ወደ ቤት ስሮጥ አየኝና ከአልጋው ቀና አለ። የእርስዎ እጅ መሆኑን ከላይ እንዳየ አወቀ። «ይሄ ላውሪ አይደለም» አለ። ራሱ አነበበው። ጉልበትዎ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም የሚለው ላይ ሲደርስ እስኪያስለው ሳቀ። ገንፎው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አደረገ። በማግስቱ ጻፊ አለኝ፤ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው።

«አክስቴ፣ እኔ የምጠላው ሽልንጉን የዘረጋውን እጅ ነው። የተራበ እጅ ቢቀበል ምን ይፈረድበታል? በዓመቱ እኔን በሻል ጠቅልሎ የሮጠው ያው እጅ አይደለም እንዴ? ኒኒያንን ሳገኘው ይህን እነግረዋለሁ። እሱ ገንፎውን ይቅር ይልዎታል፤ ልጅ ሳለን ከሳህኔ ሲሰርቅ አውቀዋለሁና ገንፎ እንዴት እንደሚያታልል ያውቃል። የሚጠላዎት የለም። እወድዎታለሁ። ማሩን ጠጥቻለሁ።»

አባቴ ያረፈው ሜይ 11 ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። በሩን ክፈችልኝ አለኝ፣ ከፈትኩለት፤ በቆሎውን እያየ ሄደ። ሳጥኑን ሂዩ ከወንድሙ ጋር ሠራው። ጃኔትና ልጆቿ ልብሱን አጥበው አመጡልኝ፤ አትድከሙ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ባሕር አቋርጦ ለሚሄድ ሐዘን ቃል የለኝም፤ እርስዎም እዚያ ብቻዎን አያልቅሱ፣ መምህር ላውሪን ይጥሩት።

በሳምንቱ የመጋዘኑ ሹም ወረቀቱን ይዞ መጣ። እኔም የእኔን ወረቀት ይዤ ወጣሁ፣ ሁለት ምስክር ያለውን። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«የቤቱ ባለቤት?» አለ።

«እኔ።»

«ቤተሰብ ስንት ነው?»

«ሁለት ነን።»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ማንም የለም። «ሁለተኛው የታለ?»

«ፋይፍ ናት። ግሪዜል ትባላለች።»

«ባሕር ማዶ ያለ ሰው አይመዘገብም።»

«የቤቴ ሰው ናት። የምትበላው ከዚህ ነው፣ እህሉን እኔ እልክላታለሁ። ይጻፉ።»

ፀሐይ ነበር፣ እሱም ደክሞታል። ከዚያ ጻፈ። በትክክል መጻፉን አጎንብሼ አነበብኩ። እማማ፣ መዝገቡ ላይ ስምዎ ከስሜ ሥር አለ።

ልጅዎ ኢሶቤል